ስድስተኛው መርፌ

(የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ የጥገና ክፍል። መካኒኩ የስፌት መኪናውን አጋድሞ ከሥሩ የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽ ይጠርጋል፤ አንድ ጠብታ ዘይት ያስነካል፤ መልሶ ያቆመዋል፤ ክሩን በሁለት ጣቱ ሳብ ለቀቅ ያደርጋል፤ የክር ማጥበቂያውን በጥቂቱ ያላላል፤ እንደገና ይስባል። የሚስቱ ወንድም፣ ፈላስፋው፣ ላፕቶፕ ታቅፎ አጠገቡ ቆሟል።)

ፈላስፋው፦ እጅ አያውቅም ጋሼ። ስንቴ ልንገርህ?

መካኒኩ፦ ታዲያ ይሄን ማን አላላው?

ፈላስፋው፦ አእምሮህ ነዋ። የጥንት ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጨርሰውታል። አእምሮ ያዛል፣ እጅ ይታዘዛል።

መካኒኩ፦ እኔ እኮ ስለሚያፈሰው ጣሪያዬ ነበር የማስበው።

ፈላስፋው፦ ሳታውቀው አዘሃል። ሕጉ ውስጥህ አለ፤ አውጥቼ ላፕቶፑ ውስጥ ስከተው እንዳንተ ያስባል። ስንት ነው ያላላኸው?

መካኒኩ፦ እሺ እስኪለኝ።

ፈላስፋው፦ "እሺ እስኪለኝ" ቁጥር ነው?

መካኒኩ፦ ሩብ ዙር በለው እንግዲህ።

ፈላስፋው፦ (እየጻፈ) ሕግ አንድ መቶ አርባ። የሃያ ዓመት ሙያህን በሦስት ቀን ጨለፍኩት።

መካኒኩ፦ ሥራ አስኪያጇ ምን አለች?

ፈላስፋው፦ ከምሳ በኋላ መጥታ ታያለች። ችግሩን ላፕቶፑ ካገኘው አንተ ለምን ታስፈልጋለህ? አትቀየመኝ፤ ለእህቴም አስቤላታለሁ።

መካኒኩ፦ ምን ብለህ?

ፈላስፋው፦ ቤት ትውልላታለህ።

መካኒኩ፦ ነግረሃታል?

ፈላስፋው፦ ቀስ ብዬ።

መካኒኩ፦ እስቲ ጥግ ያለችውን መኪና ሞክራት። ስፌት ትዘላለች።

ፈላስፋው፦ (ላፕቶፑን ነክቶ ያነባል) "ስፌት የሚዘል መኪና ሁሉ መርፌው ተበላሽቷል። ይህ መኪና ስፌት ይዘላል። ስለዚህ መርፌው ተበላሽቷል። ቀይር።" ሰማህ? ማሰብ ማለት ይሄ ነው። ላብ የለው፣ ቅባት የለው።

መካኒኩ፦ እውነቱን ነው፤ መርፌዋ ደንዟል።

ፈላስፋው፦ (ደረቱን ነፍቶ መርፌ ይቀይራል፤ ይሰፋል) ዘለለች።

መካኒኩ፦ ጠይቀዋ።

ፈላስፋው፦ "ቀይር" ይላል። (ይቀይራል) ዘለለች። አሁንም "ቀይር" ነው የሚለው።

(ስድስተኛው መርፌ ላይ ሲደርስ ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ቆማ እያየችው ነው።)

ፈላስፋው፦ (በሹክሹክታ) ጋሼ፣ ሕጉ ልክ ነው፤ መርፌው አዲስ ነው። ምን ሆና ነው?

መካኒኩ፦ (ብሎኑን ይፈታል፤ መርፌውን ያዞራል፤ ብሎኑን ያጠብቃል፤ ይሰፋል። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል) የመኪና መርፌ ፊትና ጀርባ አለው። ስድስቱንም ገልብጠህ ነው የከተትከው።

ፈላስፋው፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስጠይቅህ ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?

መካኒኩ፦ እኔ መች አወቅኩ? የሚያውቀው እጄ ነው። እሱ ደግሞ ታዛዥ ነው ብለኸኛል፤ ታዛዥን ማን ያማክራል?

(ሥራ አስኪያጇ የነገውን የጥገና ዝርዝር መካኒኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትወጣለች።)

መካኒኩ፦ (ወደ አንባቢው ዞሮ) እናንተም አደራችሁን፤ ይሄ ልጅ ሊያስብላችሁ ቤታችሁ የመጣ እንደሆነ፣ ከመቀመጡ በፊት አንድ መርፌ አስይዙልኝ።