ጥላ የሚያከፋፍሉት አቶ ጉታ

ማንም ሳይሾመው የሚያዝዝ ሰው የሌለበት ሰፈር እግዜር አልፈጠረም። ሰርግ ብትሄዱ ወንበር የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ለቅሶ ብትሄዱ ማን ከማን አጠገብ እንደሚያለቅስ የሚወስነው እሱ ነው። ሁሉም ያማዋል፤ ሁሉም ተነስ ሲለው ይነሳል። ለእኛ፣ ለጅቡቲዋ ካርቲየ 3 ሰፈር፣ የደረሱን ክቡር አቶ ጉታ ነበሩ።

አቶ ጉታ ድሮ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ባቡሩን ተዉ እንጂ ቁጥጥሩን አልተዉም። የሚቆጣጠሩት ቢያጡ ጥላ ያዙ።

ጥላ ደግሞ ምን ቁጥጥር ይፈልጋል የሚል ሐምሌ ላይ መጥቶ ይጠይቀኝ። በዚያ የሐሩር ወር እንኳን ሰው ፍየሉም ግድግዳ ታክኮ ነው የሚሄደው። ምኒልክ አደባባይ ያሉት ቅስት ቅስት ያለው ነጭ በረንዳ አላቸው፤ ሄሮን ሰፈር ያሉት የባሕር ነፋስ አላቸው። እኛ የነበረን አንድ የእንጨት ፎቅ ነው፦ ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሰገነቱ ወደ መንገዱ የወጣ። ከዚያ ሰገነት ስር ስንቱ እንጀራውን በላ! እኔ ከሰው ቤት ሥራ ከወጣሁ ጀምሮ የስፌት መኪናዬን እዚያ ዘርግቼ የሰው ልብስ እጠግን ነበር። አጠገቤ ኻሊዳ ጫት ትሸጣለች። ወደ የመን የሚሻገሩ ያገሬ ልጆችም አግዳሚው ላይ ጎናቸውን ያሳርፋሉ።

ይህችን ጥላ አቶ ጉታ እንደ ፉርጎ ከፋፍለዋት ነበር። ለነፍሰ ጡርና ለመንገደኛ አንደኛ ማዕረግ፣ ለነጋዴ ሁለተኛ፣ ለወሬኛ ፀሐይ። «እንቁ፣ የያዝሽው ቦታ የሌላ ሰው ነው!» ብለው እኔን በሳምንት ሦስቴ ያስነሱኝ ነበር። ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ!

ኻሊዳ ሶማሌ ናት፤ አማርኛውን ከጫት ጫኞች ለምዳዋለች፣ ስድቡን ቀድማ።

«ጉታ፣ ይሄ መንገድ ያባትህ ነው?»

«ያባቴ ቢሆን ኖሮ አንቺን አሳፍር ነበር?»

አንድ ፈረንጅ የፎቁን መስኮት ፎቶ ላንሳ ብሎ ከጥላው ገብቶ ቢቆም፣ ትከሻውን ይዘው ወደ ፀሐዩ ሸኙት። «ሙሴ፣ ፎቅ የሚታየው ከዚያ ሆኖ ነው» አሉት፣ ጌታው ለማለት። ሰውየው አመስግኖ ሄደ።

በፈረንጆቹ 2009 ሙጠሊብ የሚባል ነጋዴ ፎቁን ገዛውና በሁለት ቀን አፈረሰው። በምትኩ የሚሠራው የሲሚንቶ ቤት ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ ፊቱ እንደ ሳጥን ልሙጥ። ሰገነት የሚባል ነገር ፕላኑ ላይ የለም። ስልሳ ዓመቴ ነው፤ ለአንድ የስፌት መኪና ቤት ተከራይቼ አልዘልቀው። ተመልሼ የሰው ወለል ልወለውል ነው?

አቶ ጉታ በማግስቱ የባቡሩን ወፍራም ኮት ለብሰው፣ በሐምሌ፣ ቁልፉን እስከ አንገት ቆልፈው መጡ። ሙጠሊብንም ልክ በስድስት ሰዓት ፍርስራሹ ላይ ቀጠሩት።

«ሙሴ ሙጠሊብ፣ በሩ በየት በኩል ነው?»

«እዚህ ጋ።»

«መስኮቱስ? ... ከፍታውስ? ... ደረጃው ስንት ነው?»

ፈረንሳይኛውን ከዐረብኛ እየቀላቀሉ ፕላኑን በመስመር በመስመር አስነበቡት። ሰውየው ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣበቀ፤ ወረቀቱ በላቡ ራሰ።

«ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ እባክዎ ጥላ ፈልገን እናውራ» አለ በመጨረሻ።

«የምን ጥላ? ትናንት አፈረሱት እኮ።»

ሙጠሊብ ግራ ቀኙን አየ።

«እርስዎ ባለቤቱ ሩብ ሰዓት መቆም አቃተዎት» አሉት አቶ ጉታ። «ደንበኛዎ ሱቅዎ በር ላይ ስንት ደቂቃ የሚቆም ይመስልዎታል?»

ሙጠሊብ እዚያው የነበረውን ግንበኛ ጠርቶ «አንድ ሜትር ሰገነት ጨምርበት» አለው።

«ሁለት» አሉ አቶ ጉታ።

«አንድ ተኩል! አሁን ልሂድ!»

የሙጠሊብ መኪና እንደተጠመዘዘ አቶ ጉታ ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። ኻሊዳ ኮቱን ስትፈታላቸው እኔ የጀሪካኑን ውሃ አናታቸው ላይ አፈሰስኩ። «ቀስ፣ ኮቱ የመንግሥት ነው» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

ቤቱ አለቀ። አዲሱ ሰገነት ከድሮው በጣም ይጠባል። አቶ ጉታ ጠመኔ ይዘው መሬቱን አሰመሩ፦ ይሄ የኻሊዳ ጠረጴዛ፣ ይሄ የእንቁ የስፌት መኪና፣ ይሄ የመንገደኞች አግዳሚ። ሲጨርሱ ጥላውም አለቀ።

«የእርስዎስ?» አልኳቸው።

«ተቆጣጣሪ ቆሞ ነው የሚሠራው» ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፀሐይ ላይ ቆሙ።

ኻሊዳን አየኋት፤ አየችኝ። እሷ ጠረጴዛዋን ሳበች፤ እኔ ያን ብረት መኪናዬን እየጎተትኩ ከግድግዳው ጋር አጣበቅሁት። መሃል ላይ ወንበር ዘረጋንላቸው።

«ማን ፈቀደላችሁ? መስመሩ—»

«ይቀመጡ፣ አቶ ጉታ!»

እጅጌያቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ሲጨቃጨቁኝ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ በሰፋሁ ቁጥር የግራ ክርኔ ያን የሲሚንቶ ግድግዳ ሲፈትግ ኖረ። አንድ ቀንም ጠበበኝ አላልኳቸውም።