ቆጮ ይዞ ወደ ካሪቢያን

በትንሽ ወጪ ሩቅ አገር ለመጎብኘት የሚያቅድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አግብቼው ነበር። ሆሳዕና ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረው ባለቤቴ «የካሪቢያንን ደሴቶች ሳላይ አልሞትም» ይል ነበር። በዕቅዱ ምግብ ቤት የለም፤ ቆጮ ይዘን እንሄዳለን። ሆቴልማ ነውር ነው።

«የሀድያ ሰው የሌለበት አገር የት አለ? ያሳድረናል።»

«ባይኖርስ?»

«የከምባታ ሰው ይኖራላ! አንቺ የአንጋጫ ልጅ፣ ወገንሽን ትጠራጠሪያለሽ?»

አውሮፕላን ውስጥ ቆጮው ሲሸት እየታየኝ እንባዬ እስኪፈስ እስቅበት ነበር። ደግሞስ የት ልንሄድ? ዕረፍት በደረሰ ቁጥር እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ጥሎ አይኬድም።

ባለፈው ወር አረፈ። የማላውቃቸው ሽማግሌ ከዶዮገና ቆጮ ይዘው ለቅሶ መጡ።

«መኪና አምልጦኝ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ፣ አይቶኝ ቤታችሁ ወስዶ አሳደረኝ። አንቺ ወላጆችሽ ዘንድ ነበርሽ» አሉኝ። «ለመሆኑ ልጄ፣ እነዚያን ደሴቶች አያችኋቸው?»

«አላየናቸውም፣ አባባ።»

«ምነው?»

በእንግዳ ምክንያት እንደቀረን ለእንግዳ እንዴት ይነገራል?

እሳቸውም «በሉ፣ ሆቴል ልፈልግ» ብለው ተነሡ።

ያን ሁሉ ዘመን የሳቅኩበት ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ሆቴል? ነውር ነው!»