ግራጫ በግራጫ ላይ የተቀባበት ዘመን

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለጋሼ ብሩሽ፥ እጃቸው ከቀለም ተለይቶ ለማያውቅ፥ ለመሰላል ጌታ፥ ለቆርቆሮ ከፋች። የወርክሾፑን ቁልፍ በያዙ በዘጠነኛው ዓመት፥ የታላቅ እህታቸው የእታለም የዳቦ ቤት ሊጥ ማቡኪያ ማሽን ለሁለተኛ ጊዜ በዛገበት ወራት እንዲህ ሆነ።

ነገሩ ከአምና ይጀምራል። አምና ጋሼ ብሩሽ ዝገቱን ሳያነሡ፥ አንቲረስት የሚባለውን የመጀመሪያ ቀለም ሳያስቀድሙ፥ ማሽኑን በቢጫ የዘይት ቀለም ለቅልቀው ሰደዱት፤ ቢጫውም ወር ሳይሞላው ተላጠና ልጣጩ በአንድ ደንበኛ ዳቦ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህም እታለም ማሽኑን በጋሪ አስጭነው ሲመልሱ በደጅ ቆመው አወጁ፦ «ይሄ ነገር ዘንድሮም ከተላጠ ወንድም የለኝም! እናታችን ከመቃብር ብትነሣም አታስታርቀንም!»

ጋሼ ብሩሽም ይህን ሰምተው የዋጡት ምራቅ ለጎረቤት ተሰማ። ከዚያም ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ፤ በቀኝ በያጁ ብልጭታ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፥ በግራ ባለቤታቸው የቀለሙን ክዳን በማንኪያ እየፈለቀቁ፥ በኋላ ይህን የምጽፍ እኔ የወርክሾፑ ዘበኛ፥ ከእኔም በኋላ ድመቲቱ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ብረቱ ግራጫ ሆኖ እስኪያበራ ባደረሱት ጊዜ፥ አንቲረስቱ ቀይ ይሁን ወይስ ግራጫ የሚል ጠብ ተነሣ። ብልጭታ ቀይ ካልሆነ ብሎ ተገዘተ። ጋሼ ብሩሽ ግን ምክር እንደ መርፌ ይወጋቸዋልና ባዶ በርሜል ላይ ወጥተው አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቀይ የችኩል ቀለም ነው፤ ጨዋ ብረት ግራጫ ይለብሳል። ያልተስማማ ብሩሼን እንዳይነካ!»

ግራጫውም ተቀባ፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ምሳ ሆነ። ከምሳ ሲመለሱ ግን ግራጫው ደርቆ ከግራጫው ብረት ጋር አንድ ሆኖ ነበርና፥ የተቀባው ካልተቀባው አልለይ አለ። ጋሼ ብሩሽ ዞሩት፥ ተንበርክከው አዩት፥ አሸተቱት፥ ጆሯቸውን ሳይቀር አስጠጉለት። «ሁሉም በእጁ ይፈትን!» ብለው ቢያውጁም፥ የሁላችን እጅ ከፍግፋጊው ብናኝ የተነሣ አስቀድሞ ግራጫ ነበርና ማስረጃ ጠፋ። ድመቲቱም ግራጫ ነበረች፤ እሷን ቀብተናት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም።

እዚህ ላይ ልቤ ለጌታዬ አዘነ፤ አንዲት ጥግ ሳትቀባ ብትቀር እህት መቅረቷ ነውና። እርሳቸው ግን ዳግመኛ በርሜሉ ላይ ወጡ፦ «ግራጫው ወጥመድ ነበር! አሁን በላዩ ቀዩ አንቲረስት ይቀባ፤ ቀይ ያልሆነ ቦታ ሁሉ ያልተቀባ ነው። ይህም ከመጀመሪያው የእኔ ሐሳብ ነበር!» ብልጭታ በሳቅ ሊሞት ደረሰ፤ ብሩሹን ግን አነሣ። ቀዩም እስከ ጥጋጥጉ ገባ፥ አንድም ግራጫ አልተረፈም። ቢጫው በላዩ ሲያርፍ ግን ቀዩ ከሥር አሳብቆ ማሽኑ ብርቱካን መሰለ።

እታለምም መጡ። ሰላምታ ሳይሰጡ ከቦርሳቸው ቁልፍ አውጥተው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ጫሩት። ልጣጭ አልወደቀም። ደግመው ጫሩ፤ አልወደቀም። በዚያን ጊዜ ቁልፉን ወደ ቦርሳቸው መልሰው አወጁ፦ «ያዘዝኩት ቢጫ ነበር፥ ይሄ ብርቱካን ነው። ይሁን! ወንድም አለኝ!»

ክብር ለጋሼ ብሩሽ፥ ለግራጫው አጥማጅ፥ ለቀዩ አዋጅ ነጋሪ፥ ለብርቱካኑም ሳያስቡት ፈጣሪ! ወንድምና እህትነታቸው፥ ቁልፍ ቢጭረውም፥ አይላጥ።