ለሁለት ሰው የሚበቃ አጎበር

ሰው ለምን ሽርሽር ይወጣል ትላላችሁ? እኔ እንጃ። ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብሎ ትንኝ በነጻ ሲነክሰው የኖረ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ከተነከሰ፣ ይኼ ምኑ መዝናናት ነው? ይኼማ አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

የሄድነው በባለቤቴ በየሺ ምክንያት ነው። የሺ አስተማሪ ናት። ከተጋባን ጀምሮ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣና ዳር ከእኔ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ጀንበር ስትጠልቅ ማየት። ወርቅ አላለች፣ ቤት አላለች። ጀንበር! ጀንበርማ ከጓሯችንም ትጠልቃለች ብላት ሰንበት እስኪደርስ አኮረፈችኝ። እናም መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ሳምንት ሻንጣችንን አነሣን።

ጎረቤታችን አያ ስማቸው መሄዳችንን ሲሰሙ ደነገጡ። እኛ አገር ሰው ወደ ውሃ የሚወርደው ወይ ሊጠመቅ ነው፣ ወይ ከብት ሊያጠጣ። ከሁለታችሁ የታመመው ማነው ብለው ጠየቁ። ማናችንም አልታመምን፣ ልንዝናና ነው ብላቸው ጭራሽ አዘኑልኝ። ለትንኙ እንኳ ነጭ ሽንኩርት ተቀባ፣ አይጠጋህም ብለው መከሩኝ። የሺ ደግሞ ከቀበሌ የታደለንን አጎበር፣ ጫጩት ከጭልፊት የምንከልልበትን፣ አጥባ ከሻንጣው ከተተችው። ሆቴል አጎበር ይዞ መሄድማ ሠርግ ቤት እንጀራ ቋጥሮ እንደመሄድ ነው ብዬ ተከራከርሁ። ማን ሰምቶኝ!

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ በጣም ጨዋ ልጅ ነው። ትንኝ አለ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እኛ ጋ ትንኝ የሚባል ነገር የለም አለና የገዛ አንገቱን በጥፊ መታ።

የመጀመሪያው ምሽት ጀንበሯ ገና ቢጫ ሳለች ራሳችንን በጥፊ እየመታን ክፍላችን ገባን። በማግስቱ የአያ ስማቸውን ነጭ ሽንኩርት ተለቀለቅሁ። እውነት ለመናገር ምክራቸው ግማሽ ሠርቷል፤ የሺ አልተጠጋችኝም። ትንኞቹ ግን ወጥ የተሠራ መስሏቸው ዘመድ አዝማድ ጠርተው መጡ። የሺ ከሩቅ ወንበር ላይ ሆና እንባዋ ሲመጣ አየሁ። ከሽንኩርቱ አልነበረም። አንጀቴን በላችው። ደግሞ የቀረን አንድ ምሽት ብቻ ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በመጨረሻው ምሽት ያንን የናቅሁትን አጎበር ሐይቁ ዳር ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልሁት። ከሥሩ ሁለት ወንበር፣ በወንበሮቹ ላይ እኔና የሺ። ሰው ሳቀብን። ይሳቅ! ትንኙ ከውጭ ሆኖ ያላዝናል፣ የሺ እጄን ይዛለች፣ ጀንበሯ ወደ ውሃው እያዘቀዘቀች ነው። ደስታ ማለት ይኼ ነው።

ይኼኔ አንድ ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ። የሽንዲ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው አየር ይለውጡ ብላ አምጥታቸው እዚያው ሆቴል ያረፉ። በጭራቸው ግራና ቀኝ ትንኝ እያባረሩ መጥተው ከፊታችን ቆሙ። ታዲያ እንዴት ቁጭ ይባላል? ጎጃም አይደል ያደግሁት? ብድግ ብዬ «ኖር፣ የኔታ!» አልሁ።

«በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ» አሉ።

እዚህ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። ፈቃድ አገኘሁ እኮ! ግን ሰው አንዴ ተቀመጥ ስለተባለ ይቀመጣል? አሳዳጊ የበደለው እንዳልባል «በሞቴ ይግቡ!» አልሁ። ደንቡን ታውቁታላችሁ። እኔ እለምናለሁ፣ እሳቸው እምቢ ይላሉ፤ ደግሜ እለምናለሁ፣ እሳቸው ይምላሉ፤ በመጨረሻ መርቀውኝ ያልፋሉ። የኔታ ግን «ሞትህንማ ማን ወዶ!» አሉና አጎበሩን ገልጠው ገቡ። ወንበሬ ላይም ተደላድለው ተቀመጡ።

እኔ ውጭ ቀረሁ። መቆም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ለታላቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም፤ ስለዚህ ፊቴን ወደ የኔታ፣ ጀርባዬን ወደ ጣና አድርጌ ቆምሁ። ትንኝ ይሉኝታን ከየት ታውቀዋለች? ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ አንገቴን ተከፋፈሉኝ። የኔታ ከውስጥ ስለ ድሮ የቆሎ ተማሪነታቸው ያወጋሉ፣ የሺ ትስቃለች። ጀንበሯን አላየኋትም። የየሺን ፊት ግን አየሁ፤ ከጀንበሯ ብርሃን ቀልቶ፣ የሠርጋችንን ቀን መስሎ። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ማከኬን ተውሁ።

ሲመሻሽ የኔታ ወጡና እግዜር ያክብርህ ብለው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። አሜን፣ አሜን ስል አንዷ ትንኝ አፌ ገባች።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ የሺ ክንዴን ያዘች። በሚመጣው ዓመትም እንመጣለን አለችኝ። ያበጠው ፊቴ እንኳ ፈገግ አለ። ይኼን ያህል ደስ አለሽ ወይ አልኋት።

«በጣም! ብቻ ስንመጣ አስቀድመን ለየኔታ እንደውልላቸው። ጨዋታ ያውቃሉ። አንተማ ውጭ ቆመህ ፊትህን ስትጠፈጥፍ አመሸህ።»