ወንድሜ አሉሚኒየም ያቀለጠ ዕለት

ማን የት ቆሞ እንደነበር አስቀድሜ ልጻፍ። ከነገሩ በኋላ ሁሉም «እኔ እኮ ራቅ ብዬ ነበርኩ» ማለት ጀምሯልና።

ወንድሜ ግርማ ከምድጃው አንድ እርምጃ ላይ፣ ረጅም መቆንጠጫ ይዞ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ አባቢያ ከምድጃው ሦስት እርምጃ ላይ፣ ወንበር ወጥቶላቸው ሳይቀመጡበት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች የጋራችን በሆነው ልብስ ማስጫ ገመድ ሥር፣ ነጭ አንሶላቸውን በጀርባቸው ከልለው። ሌላው ጎረቤታችን አቶ ተማም የአጥሩ በር ላይ፣ አንድ እግራቸው ውጭ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ። እኔ የኩሽናው በረንዳ ላይ፣ እጄን አጣምሬ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጡረታ የወጣ ወንድና ኢንተርኔት ያለው ስልክ በአንድ ግቢ ማደር የለባቸውም። ሰካራም ይሻላል። ሰካራም ቢያንስ ሲመሽ ይተኛል።

ግርማ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። እሳተ ገሞራን በጠመኔ ሲሥል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ በእኔ ጓሮ ሊሠራው ተነሣ። የቀለም ባልዲ አመጣ። ውስጡን በሸክላ አፈርና በአሸዋ ለስኖ ብዙ ቀን አደረቀው። ከሥሩ ቀዳዳ በስቶ ቱቦ ሰካ፤ በቱቦው ጫፍ ላይ የፀጉር ማድረቂያ አሰረ። ማድረቂያው የእኔ ነበር። አሁን ፀጉሬን የምታደርቀው ፀሐይ ናት… ጅማ ውስጥ ፀሐይ ስትገኝ።

መጀመሪያ የለስላሳ ቆርቆሮ አቀለጠ። አንድ ኬሻ ቆርቆሮ ገብቶ አንድ ጭልፋ የማይሞላ ብረት ወጣ፤ የቀረው አመድ የመሰለ ቆሻሻ ነው።

«ስስ ነገር ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም እትዬ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከየጋራዡ ያረጀ ፒስተን ይለቅማል። አንድ ቀን ሰርቦ ድረስ ሄዶ የጭነት መኪና ፒስተን በፌስታል ይዞ ተመለሰ። ሰው ከሰርቦ ቡና ያመጣል! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ጥንቃቄ የለውም እንዳትሉት። ሕግ ጽፎ ኩሽናዬ በር ላይ ለጥፏል። በላስቲክ ጫማ መቅረብ ክልክል ነው። ናይለን መልበስ ክልክል ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ እሳት ውስጥ አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ከሁሉም በታች፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ «እርጥበት! አንዲት ጠብታ ውሃ ከቀለጠ ብረት ሥር ከገባች እንፋሎት ሆና ብረቱን ሰው ላይ ትረጨዋለች።» በቀን ሃያ ጊዜ በዚያ በር እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ስለ ምድጃው የተጻፈ እንጂ ስለ እኔ የተጻፈ አልመሰለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግርማ ሚስቱ ካረፈችና ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቁርሱን አቀርብለት ነበር፤ ቀዝቃዛውን አነሣ ነበር። ምድጃውን ከሠራ በኋላ ይበላል። በዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም።

ጎረቤት ግን የሚያየው ቁርሱን ሳይሆን ጭሱን ነው። የወይዘሮ ዘነበች አንሶላ ከሰል ከሰል ሸተተ። አቶ ተማም ጅማ መርካቶ ካለው ሱቃቸው ለምሳ መጥተው ሸለብ ሊያደርጉ ሲሉ ማድረቂያው ያፏጫል። ሁለቱ ተማክረው አቤቱታ ሊያስገቡ ወሰኑ። በሰፈሩ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያለው ማን ነው ሲባል፣ እኔ ጋ መጡ።

«በወንድሜ ላይ ነው የምጽፈው?» አልኩ።

«ኧረ በወንድምዎ ላይ አይደለም እትዬ አስካለ፤ በጭሱ ላይ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

ጻፍኩ። «ለሕይወትና ለንብረት አስጊ» የምትለው ሐረግ የእኔ ናት። ጥሩ ሐረግ ናት፤ ዛሬም አላፍርባትም።

ወረቀቱ ቀበሌ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይየው ተባለ። ሐጂ አባቢያ የድንበር ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ ጨርሰዋል። የአሉሚኒየም ጠብ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሳላይ አልፈርድም» አሉ። «ቅዳሜ ያቅልጥና ልየው። አደጋ ከሌለው ይቀጥል፤ ካለው ያፍርስ። መሌ ሌላ ምን ይባላል?» «መሌ» የሐጂ የአፍ ማድመቂያ ነው፤ በኦሮምኛ «እንጂ» እንደማለት።

ግርማ ለዚያ ቅዳሜ የሐጂን ከዘራ ጫፍ ሊሠራ አሰበ። የድሮው ብረት ተበልቶ አልቆ ከዘራቸው ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተት ነበር።

«ለዳኛው ጉቦ ነው?» አልኩት።

«ናሙና ነው እትዬ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን አልበላም። የአሸዋውን ቅርጽ ማውጫ እንደገና እሳት ዳር አሞቀው። መቆንጠጫውን ሳይቀር አሞቀ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ የውሻውን ውሃ መጠጫ፣ እርጥብ የተባለ ነገር ሁሉ ከጓሮው አወጣ። እኔንም ከነጆጌ ወደ ኩሽና መለሰኝ። ከዚያ የቆዳ ጫማውን ሊያደርግ ክፍሉ ገባ።

እኔ ጓሮውን አየሁት። አመድ፣ የፒስተን ስብርባሪ፣ የተረጋገጠ አፈር። ሽማግሌ የሚገባበት ግቢ ነው ይሄ? ሰው ምን ይለናል? ማጭድ አንሥቼ ከአጥሩ ሥር ሣር አጨድኩና ከሐጂ ወንበር ጀምሬ እስከ ምድጃው አፍ ድረስ አነጠፍኩት። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሣሩ ለምለም ነበር። ግቢው ግቢ መሰለ። ደስ አለኝ።

ግርማ የብየዳ መነጽሩን አድርጎ ወጣ። በዚያ መነጽር አረንጓዴውም ጥቁር ነው፣ ቀዩም ጥቁር ነው። ሣሩን አላየም። እንግዶቹም ሣሩን ረግጠው፣ «ተባረኪ» ብለውኝ፣ ቅድም የጻፍኩላችሁ ቦታ ቆሙ።

ማድረቂያው አፏጨ። ከሰሉ ቀላ። ፒስተኑ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ እንደ ቅቤ ተኛ። ግርማ ከላዩ ያለውን ቆሻሻ ሲገፍፈው ውስጡ እንደ መስታወት አበራ። ወይዘሮ ዘነበች እንኳ አንሶላቸውን ረስተው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ፤ አንድ እርምጃም ቀረቡ። «ጨረቃ መሰለ መሌ!»

«ሐጂ፣ ራቅ ይበሉ እንጂ!» አሉ አቶ ተማም፣ ራሳቸው ትንሽ እየራቁ።

«ሥራ ሳይመረቅ ነው እንዴ የሚጀመረው?»

ግርማ በዚህ ጊዜ የቀለጠውን ብረት ከነማቅለጫ ጣሳው በመቆንጠጫው አንሥቷል። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ።

«እጅህ ይባረክ። እሳቱ ይታዘዝህ። ክፉ አይንካህ። ሆራ ቡላ፣ ተባዙ፣ ኑሩ! ቱፍ!»

እንግዲህ ምርቃት ያለ ቱፍታ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግርማም ያውቃል። ነገር ግን ወር ሙሉ ሲያነብ የከረመው ስለ ጠብታ ውሃ ነው። የሐጂ ቱፍታ ከጣሳው ክንድ ሙሉ ርቃ ወደቀች፤ ለማንም ያደረገችው ነገር የለም። ግርማ ግን በዚያ መነጽር የት እንደወደቀች አላየም። ድምፁን ነው የሰማው።

«ውሃ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

የፈሩት ይደርሳል። ሲዘልል ከጣሳው ጥቂት ብረት ፈሰሰ። የፈሰሰውም ሣሬ ላይ ነው።

ጧ! ጧ! ጧ!

የብር ጠብታ ወደ ላይ ተረጨ። ሐጂ እስከዚያ ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘነበች አንሶላውን ከገመዱ ስበው ራሳቸውን ሸፈኑ። አቶ ተማም ውጭ ያለው እግራቸው ውስጥ ያለውን ጠራው። እኔ እጄን እንዳጣመርኩ ነበርኩ፤ ከድፍረት ሳይሆን መፍታቱ ስላልታሰበኝ ነው።

ከሁላችን የረጋው ግርማ ሆነ። ብረቱ ሳይጠጥርበት ወደ አሸዋው ተመልሶ የቀረውን በቀስታ ቀዳው። ባዶውን ጣሳ ደረቅ ጡብ ላይ አስቀመጠ።

«የሞተ ሰው አለ?» አሉ አቶ ተማም ከአጥር ውጭ።

«የለም፤ ይግቡ» አልኩ።

«ከዚህም ይሰማኛል።»

ወይዘሮ ዘነበች ከአንሶላው ወጡ። አንሶላው መሐሉ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ቀዳዳ አበጅቷል። በቀዳዳው አሻግረው ሐጂን አዩዋቸው።

«አስጊ ነው ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ! ይኸው! አንሶላዬ ሆነ እንጂ ዓይኔስ ቢሆን?»

ሐጂ ከዘራቸውን አገላበጡ። በቀስታ፣ «በእኔ ቱፍታ ነው?» አሉ።

ማን አዎ ይበል? ዳኛን በምርቃቱ የሚከስስ ማን ነው? ወይዘሮ ዘነበች ቀዳዳውን በጣታቸው መለካት ጀመሩ።

ግርማ መነጽሩን አወለቀ። ያን ጊዜ ነው ሣሩን ያየው። ጥቁር ጥቁር ሆኖ የተቃጠለውን አየ፤ እርጥቡን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ሐጂ። ነገ አፈርሰዋለሁ።»

«ሣሩን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እርጥብ ነበር። እርጥብ ክልክል እንደሆነ ኩሽናዬ በር ላይ ተጽፏል።»

ሐጂ ሣሩን በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«እንግዳን አክብሮ ሣር ማንጠፍ ጥፋት ከሆነ፣ ሥራን መመረቅም ጥፋት ነው። እንግዲያ ሁላችንም እንታሰር መሌ!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን መልሰው ፈረዱ። ሣር አይነጠፍም። ምርቃት ከአጥሩ በር ላይ ይሆናል። አንሶላ ከመሰጣቱ በፊት ለወይዘሮ ዘነበች ይነገራቸዋል። አቶ ተማም ሲተኙ ማድረቂያው አይከፈትም።

«ግን ብቻህን አይሆንም» አሉት ግርማን። «ድንጋጤህን አይቻለሁ። ባቀለጥክ ቁጥር አጠገብህ ቆሞ ‹ተው፣ እርጋ› የሚልህ፣ አደጋ ቢመጣ እኔን ጠይቁኝ የሚል ዋስ ጥራ። ዋስ ከሌለህ ይፍረስ።»

ግርማ ወደ አቶ ተማም አየ።

«እኔ ሱቅ አለብኝ» አሉ አቶ ተማም፣ ከውጭ።

ወደ ወይዘሮ ዘነበች አየ። እሳቸው አንሶላ እያጠፉ ነበር፤ ቀዳዳው ከላይ እንዲታይ አድርገው። ግርማ ከዚያ በኋላ ወደ ማንም አላየም። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ጀመር።

«ዋስህ ማን ነው?» አሉ ሐጂ ለሁለተኛ ጊዜ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እትዬ…» አለ ግርማ።

ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የቆዳ ጫማ ልገዛ በአቶ ተማም አጠገብ አልፌ ወጣሁ።