የሚገፋ እጀታ፣ የሚስብ እጅ

እጅ ከባለቤቱ ጋር ሁልጊዜ አይመካከርም። ቤት ቀይራችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። የድሮው በራችሁ ተገፍቶ ይከፈት ነበር፤ አዲሱ ተስቦ ነው። በደህናው ቀን አሳምራችሁ ትስቡታላችሁ። ዝናብ ድንገት ሲያባርራችሁ ግን ሮጣችሁ መጥታችሁ በትከሻችሁ ትገፉታላችሁ፤ አልከፈትም ሲልም በሩን ትሰድባላችሁ። በሩ ምን አጠፋ?

ወላጆቼ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩ ወዲህ ከቤታችን ሰው ከመሬት ከፍ ያለ ቢኖር፣ ማንጎ ሊለቅም ዛፍ ላይ የወጣ ነው። ልጄ ዘሃራ ግን የጦር አውሮፕላን ማብረር ትማራለች። በቅርቡ ለዕረፍት መጥታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከስግደት በኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በግራ እጇ አየሩን ወደ ፊት ትገፋለች። ትመልሰዋለች፤ ደግሞ ትገፋለች።

«ልጅቱን ነገር ነክቷታል፤ ሸሁ ይቅሩባት» አለች ሚስቴ።

«ተያት» አልኳት። በቤታችን ጥያቄ አይበዛም።

በዚያው ሰሞን ነው የወፍጮው ነገር የመጣው። የመንደራችን ወፍጮ የማኅበር ነው። ሠራተኛው አብዱልቃድር የሆሞሻ ሰው ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ከዚህ ሥራ በቀር ልጆቹን የሚያበላበት የሌለው። አሮጌው ሞተር ሲያርፍ ማኅበሩ ከማንኩሽ ከተማ ያገለገለ ሞተር ገዛ። በአሮጌው ላይ የነዳጅ እጀታው ወደ ራስ ሲሳብ ሞተሩ ይቆም ነበር። በአዲሱ ግን ለማቆም መግፋት ነው፤ ከሳቡት ፍጥነቱ ይብሳል። አብዱልቃድር ይህንን ያውቃል። ከመኸር ጀምሮ አንድ ቀን አልተሳሳተም።

በአንድ የገበያ ቀን እህል ልታስፈጭ የመጣችው የከድጃ ሻርፕ ጫፍ ወፍጮውን በሚያዞረው ቺንጋ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ጮኸች፤ አብዱልቃድር ዘሎ እጀታውን ያዘ፤ ሳበው። ሞተሩ አጓራ። ቺንጋው አርጅቶ ስለነበር ተበጠሰ እንጂ ዛሬ የማወጋችሁ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ከድጃ ክንዷ ብቻ ተሰበረ፤ ወጌሻው ይድናል ብሏል።

የማኅበሩ ሽማግሌዎች ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ሰውየው ይባረር ወይስ አይባረር?

«ይኸ ሰው ተኝቶ ነው የሚሠራው» አለ ሰብሳቢያችን ይማም።

እኔም ተጠየቅኩ። «ይሰናበት» አልኩ። አንድ ቃል ስናገር ሁለተኛ የሚጠይቀኝ የለም፤ ይህንንም እወደዋለሁ።

አብዱልቃድር ወደ እኔ ዞሮ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ወላሂ አያ ሙሄ፣ ልቤ ግፋ አለ፤ እጄ ሳበች» አለ።

«እጅህ ሌላ ሰው ናት እንዴ?» አለ ይማም። ተሳቀ። ከዳር ቆማ ስታዳምጥ የነበረችው ዘሃራ ብቻ አልሳቀችም።

«አባ፣ ሳትወስኑ አንዴ ወፍጮ ቤት እንሂድ» አለችኝ።

«አውሮፕላን ልታሳፍሪን ነው?» አለ ይማም።

«አንቱን የሚሸከም ገና አልተሠራም፣ አያ ይማም።»

ሄድን። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ቺንጋውም ወልቋል። እኔን ከእጀታው ፊት አስቀመጠችኝ። «አቁም ስልህ ትገፋለህ።» ምን ይከብዳል? አቁም አለች፤ ገፋሁ። ደግማ አለች፤ ገፋሁ። ይማም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ልጅቱ ወሬ ጀመረች፤ ስለ ቀዩ በሬዬ ጠየቀችኝ። ስለዚያ በሬ ዝም የማለት ልማድ የለኝም። አመሉን ሳወራ ከኋላዬ ባዶ በርሜል አንኳለለችና «አቁም!» ብላ ጮኸች።

ሳብኩት። በሁለት እጄ ሳብኩት። በሬ የማቆምበትን ድምፅ ጭምር አሰምተሃል ይሉኛል፤ እኔ አልሰማሁም።

ይማም ስቆ ሲያበቃ ተራው ደረሰ። እሱም ሳበ፤ ያውም በርሜሉ እንደሚመጣ እያወቀ። እናስ ምን እናድርግ? ከተወለድን ጀምሮ ያቆምነውን ሁሉ ያቆምነው በመሳብ ነው፤ በሬውን በገመድ፣ አህያውን በገመድ፣ የሚሮጥ ልጅ በኮሌታው። በሬ ገፍቶ ያቆመ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ከዚያ ዘሃራ የራሷን ነገረችን። በመጀመሪያ የተማረችበት አውሮፕላን ላይ ነዳጁን የምታበዛ አንዲት ትንሽ እጀታ የምትሠራው ስትሳብ ነበር። ሁለተኛው አውሮፕላን ላይ ስትገፋ ነው። ሰማዩ ጸጥ ባለ ጊዜ ተሳስታ አታውቅም። አንድ ቀን ግን ሞተሩ ሲንተፋተፍ እጇ ወደ ለመደችው ሄደች፤ አብሯት የነበረው አስተማሪ ባይደርስላት ኖሮ ሞተሩ እዚያው ይጠፋ ነበር። መሬት ሲደርሱ «ምን ነክቶሽ ነው?» አላላትም። «እጅሽ በፊት ምን ለምዶ ነበር?» አላት።

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። እድሜ ይስጠው።

«በውጊያ ላይ ደግሞ» አለች፣ «ዳር ይዞ ቆሞ ማሰብ የለም፣ አባ። ያን ጊዜ የሚያበረው እጅ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሁለተኛ ቃል ተናገርኩ። «ይቆይ።»

ከአሶሳ በያጅ መጥቶ እጀታውን አዞረው፤ ለቺንጋውም የቆርቆሮ መከለያ ሠራለት። አብዱልቃድር ዛሬም እዚያው ነው፤ ሲያቆም ይስባል፤ የከድጃንም እህል እሱ ይፈጫል።

«ያንቺንስ አውሮፕላን ለምን አያዞሩልሽም?» ብዬ ጠየቅኳት ማታ እራት ላይ። ለኔ ረጅም ጥያቄ ነው።

«እሱ ተሠርቶ አልቋል። ስለዚህ እጄን አዞራለሁ» አለችና በግራ እጇ አየሩን ገፋች። እናቷ ሸሁ ጋ ቀጠሮ ይዛላት ነበርና አፍራ አቀረቀረች። እኔ ግን ያቺን እጅ አየኋት። ገመድ መሳብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔ ያስለመድኩትን በየጠዋቱ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ በትዕግሥት ታስረሳታለች።

ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ያዘጋጀሁት ቃል ነበር፤ «ኮርቼብሻለሁ» የሚል። ልናገር ስል አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፤ ደነገጥኩ። አፌም እንደ እጄ ነው ለካ፤ ወደ ለመደው ሄደ።

«ሻንጣሽን ጠብቂ» አልኳት።

በመስኮት አይታኝ ፈገግ አለች፤ ግራ እጇንም ወደ ፊት ገፋች።

አሁን ጠዋት ጠዋት በሬዎቹ ጋ ብቻዬን ስሆን ያቺን ቃል እለማመዳለሁ። ባለፈው ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ሰማችኝ። የሸሁ ቀጠሮ ወደ እኔ ዞሯል።