ከሰባታሚት የወጣው አልማዝ

ድንጋይ በራሱ ከባድ ነው፤ ተስፋ ሲጫንበትማ ማን ያነሳዋል? ባሕር ዳር ላይ መሠረት ቆፍሮ ጥቁር ድንጋይ ያላገኘ ሰው ካለ፣ የቆፈረው ጣና ውስጥ መሆን አለበት። እኛን ድንጋይ አይገርመንም። ጎረቤቴ አቶ ሙላት ግን ተገረሙ።

ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ላይ የቤታቸውን መሠረት ሲያስቆፍሩ፣ የተኛ ጥጃ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ብቅ አለ። ዲጅኖ ቢያሳርፉበት የዶለዶመው ዲጅኖው ነው። በዚያው ሰሞን ስልካቸው ላይ ስለ ጥቁር አልማዝ አንድ ቪዲዮ አይተው ነበርና ሥራውን አስቆሙት። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ደግሞ ዘንድሮስ ከኪራይ ቤት እገላገላለሁ ብለው ዕቃ ማሸግ ጀምረዋል።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁና ተጠራሁ። በትዕግሥት አስረዳሁ። ጥቁር አልማዝ አንድ ወጥ ሳይሆን እልፍ ደቃቃ አልማዞች ተቆላልፈው የሠሩት ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ነው። አፈጣጠሩ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፦ ገሚሱ ሊቅ ከምድር ሆድ ወጣ ሲል፣ ገሚሱ ከሰማይ ወረደ ይላል። የእርስዎ ግን እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ የእኔም አጥር በእሱው ነው የታጠረው አልኋቸው።

"ሊቃውንቱ አልተስማሙም አላልህም?"

"አልተስማሙም።"

"እንግዲያው የእኔም ጓሮ እንደ አንድ ሐሳብ ይያዝልኝ።"



ይባስ ብለው ጎረቤት በተሰበሰበበት ተሳሉ። "አልማዝ ይሁንልኝ እንጂ ግማሹ ለደብሩ ነው!" አሉ። የእኛ ሰው ከቀበሌ ጋር ይከራከራል፤ ከስለት ጋር ግን አይከራከርም። ይህን የሚያውቁት ወይዘሮ ጥሩዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ መምሬ መጡ፤ የደብሩን አጥር የሚያጥሩት ጎረምሶች ማገዶና ውኃ ተሸክመው ተከትለዋቸዋል።

"ሙላት ልጄ፣ አልማዝ ነው ብለሃል?"

"ነው እንጂ አባ!"

"እንኳን ስለትህ ሠመረ። በል ድርሻችንን እንውሰድ።"

አይደለም ቢሉ ጎረቤት ሊስቅ፣ ነው ቢሉ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ። አቶ ሙላት ከድንጋዩ ፈቀቅ አሉ። ጎረምሶቹ እሳት አነደዱበት፤ ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሱበት። አልማዙ ጧ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ወይዘሮ ጥሩዬ እልልታቸውን አቀለጡት።

ግማሹ የደብሩ አጥር ውስጥ ገባ፣ ግማሹ የቤቱ መሠረት ማዕዘን ሆነ፤ ዝናቡም ሲመጣ ቤቱን ጣራ ለብሶ አገኘው።

"አሁንስ ተራ ድንጋይ እንደሆነ አመኑ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

አቶ ሙላት ከልባቸው አዘኑልኝ። "አንተ መምህር፣ ቤተ ክርስቲያን ተራ ድንጋይ በስለት ስትቀበል የት አይተሃል?"